የተጣበቀ የካምቢዮ ዲፕስቲክን ሳይሰብሩ ማውጣት፦ ደረጃ በደረጃ

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዲፕስቲክ አልወጣ ሲል ብዙ ሰው ፒንሳ ያነሳና ወደ ላይ ይጎትታል። እጀታው ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል፣ ብረቱ ደግሞ ቱቦው ውስጥ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ኮፓ (የካምቢዮውን የታችኛ ዘይት መያዣ) እስከ ማውረድ ይደርሳል። ዲፕስቲኩን የሚሰብረው ብዙ ጊዜ ዝገቱ አይደለም፤ አጎታተቱ ነው። ከ15 እና ከ20 ዓመት የሞተር ሙቀት በኋላ የእጀታው ፕላስቲክ ይደርቃል፣ የጎማ ቀለበቷ ከቱቦው አፍ ጋር ትጋገራለች፣ ዘንጉ ግን አሁንም ቀጭን ብረት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ማጽዳት፣ ከዚያ ማላቀቅ፣ ከዚያ ማዞር። መጎተት የሚመጣው ዲፕስቲኩ በነፃነት መዞር ከጀመረ በኋላ ብቻ ነው።

መመሪያው በዋናነት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለተሠሩ አውቶማቲክ ቶዮታዎች ነው፦ ኮሮላ፣ ካምሪ፣ የመጀመሪያው ቪትዝ። ሌሎች መኪኖች የሚለዩበት ቦታ ሲደርስ እጠቅሳለሁ። ማንዋል ካምቢዮ ያላት መኪና ብዙ ጊዜ ይህ ዲፕስቲክ የላትም፤ ዘይቷ የሚታየው ካምቢዮው ጎን ላይ ያለውን ቡሎን በመፍታት ነው።

ከመንካትዎ በፊት፦ የያዙት ትክክለኛው ነው?

ኮፈኑ ሥር ሁለት ዲፕስቲክ አለ። አንዱ የሞተር ዘይት ነው፤ የሞተሩ ብሎክ ውስጥ ይገባል። የካምቢዮው ግን ሞተሩ በአግድም በተቀመጠባቸው መኪኖች፣ እንደ ኮሮላና ቪትዝ ባሉት፣ ከካምቢዮው ወገን ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ባትሪው ወይም የአየር ማጣሪያው ሳጥን ይከልለዋል። ሞተራቸው በቁመት በተቀመጠ መኪኖች ላይ ደግሞ ከሞተሩ ኋላ፣ ወደ ሾፌሩ ክፍል ግድግዳ ተጠግቶ ይቆማል። እጀታው ላይ "ኤቲኤፍ" (ATF፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማለት ነው) የሚል የእንግሊዝኛ ምሕጻር ካለ እሱ ነው።

ቀጥሎ፣ የተጣበቀ ይሁን የተቆለፈ ይለዩ። ይህን ሳያዩ መጎተት የጀመሩ ሰዎች ደህናውን ዲፕስቲክ ሰብረዋል።

- በቀድሞዎቹ መርሴዲሶች እጀታው ላይ የምትነሳ ምላስ አለች። ምላሷ ካልተነሳች ዲፕስቲኩ አይወጣም።
- ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተሠሩ ብዙ መርሴዲሶች ቱቦው አለ፣ ዲፕስቲክ ግን የለም። የሚታየው ክዳን ብቻ ነው፤ እሱም በፕላስቲክ ፒን ተቆልፏል። ቢከፍቱትም ውስጡ ምንም አያገኙም፤ መለኪያው ጋራዥ ውስጥ ያለ ለብቻው የሚገባ ዘንግ ነው።
- በአንዳንድ የ1980ዎቹ ሆንዳዎች ዲፕስቲኩ ራሱ ጥርስ ያለው ቡሎን ነው። በቁልፍ ይፈታል እንጂ አይጎተትም።
- ቱቦም እጀታም የሌላቸው አዳዲስ ካምቢዮዎች ከሥር በቡሎን የሚለኩ ናቸው። የሌለ ነገር አይፈልጉ።

በእጅዎ ይፈትሹ፦ የት ነው የያዘው?

እጀታውን በሁለት ጣት ብቻ ይያዙና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ይሞክሩ። ኃይል አይጠቀሙ፤ የሚፈልጉት መረጃ ነው።

ጨርሶ ካልተነቃነቀ፣ የያዘው ላይኛው ጫፍ ነው፦ የጎማ ቀለበቷ ተጋግራለች ወይም የእጀታው ብረት ቆብ ከቱቦው አፍ ጋር ዝጓል። በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ ለመላቀቅም ቀላሉ ነው። ሞተሩን በየሳምንቱ ላቫጆ ላይ በግፊት ውኃ የሚያሳጥብ ሰው መኪና ላይ ይህ ዝገት በብዛት ይታያል። በአሜሪካ በረዶ ባለበት ግዛት የሚኖሩ ደግሞ ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ከዞረ ግን ካልተነሳ፣ ጎማዋ ለቅቃለች፤ የያዘው ታች ነው። ዘንጉ ታጥፏል ወይም ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ተጨፍልቋል። አምስት ወይም አሥር ሳንቲ ሜትር ወጥቶ የሚቆም ከሆነም ምክንያቱ ያው ነው። ለዚህ ደረጃ 6ን ይመልከቱ፤ እስከዚያ ያሉትን ግን አይዝለሉ፣ ጽዳቱ ለሁሉም አስፈላጊ ነው።

እጀታውን ሲነኩ ቱቦው ራሱ አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይቁሙ። ቱቦውን የያዘው ቡሎን ላልቷል ወይም መያዣው ተሰብሯል። ያንን ሳያጠብቁ ማዞር የታችኛውን ኦሪንግ (ቱቦው ካምቢዮው ውስጥ በሚገባበት ያለውን የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ይቀደዋል፣ ከዚያ በኋላ ካምቢዮው ዘይት ያፈሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ባትሪ መብራት፤ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፤ ክር የማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ (ያረጀ ካናቴራ ጥሩ ነው፣ ፎጣና ጥጥ ግን አይሆኑም)፤ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፤ ያለ መርፌ የሕክምና ሲሪንጅ፤ አንድ ረጅም አፍንጫ ፒንሳ እና አንድ ተራ ፒንሳ፤ ሁለት ቀጫጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፤ የፀጉር ማድረቂያ፤ 10 እና 12 ቁጥር ቁልፍ፤ ጠንካራ ሲባጎ፤ ጓንትና መነጽር።

ከእነዚህ ጋር የካምቢዮውን ትክክለኛ ዘይት አንድ ሊትር ያዘጋጁ። የድሮዎቹ ቶዮታዎች ዴክስሮን 2 ወይም 3 ይወስዳሉ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ቶዮታ ቲ-4 ተቀይረዋል። የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ዲፕስቲኩ ላይ ራሱ ተቀርጿል፤ እሱ ግን አሁን ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ከመኪናው መጽሐፍ ይመልከቱ። "ሁሉም አንድ ነው" የሚልዎትን ሻጭ አይስሙ።

የማይፈቀዱትንም ልጥቀስ፣ በየጋራዡ ስለሚታዩ። ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንና አሴቶን አይጠቀሙ፤ ጎማውንና ፕላስቲኩን ይጎዳሉ፣ በሞቀ ሞተር ላይም እሳት ናቸው። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ወደ ቱቦው አፍ አይርጩ። የብየዳ እሳት ወይም ላይተር በምንም ምክንያት አያቅርቡ።

ደረጃ 1፦ መኪናውን ያዘጋጁ

1. ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ማርሹን ፒ ላይ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ።
2. ሞተሩን ያጥፉና ለብ እስኪል ይጠብቁ። ፍጹም የቀዘቀዘ ጎማ ደረቅ ነው፤ ትኩስ ሞተር ደግሞ እጅ ያቃጥላል፣ ስፕሬይንም ሊያቀጣጥል ይችላል። መዳፍዎን ቱቦው ላይ አሳርፈው መቆየት ከቻሉ ትክክለኛው ሰዓት ነው።
3. የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። በአንዳንድ መኪኖች የራዲያተሩ ፋን ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ይነሳል፣ እጅዎ ደግሞ እዚያው ሰፈር ነው። ራዲዮዎ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን አስቀድመው ይያዙ።
4. ባትሪው ወይም የአየር ማጣሪያው ሳጥን እጅዎን ካጣመመ ያውጡት። ይህን ሥራ በጠባብ ቦታ፣ በአንድ እጅ፣ በጎን እየጎተቱ መሥራት ዲፕስቲኩን ከሚሰብሩት ነገሮች አንዱ ነው። የሚባክነው ሩብ ሰዓት ይክሳል።

ደረጃ 2፦ የቱቦውን አፍ ያጽዱ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። በእጀታውና በቱቦው መጋጠሚያ ላይ አቧራና ዘይት ተቀላቅለው ጥቁር ቅርፊት ሠርተዋል። ዲፕስቲኩ ሲላቀቅ ያ ቅርፊት የሚወድቀው ወደ ካምቢዮው ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ የዘይት መቆጣጠሪያ ክፍል በጣም ጠባብ መንገዶች አሉት፤ ትንሽ አሸዋ አንዱን ቫልቭ ሊያስይዝ ይችላል፣ ከዚያ ማርሽ መዘግየት ወይም መምታት ይጀምራል።

ቅርፊቱን በደረቅ ብሩሽ ይፈርፍሩ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ውጭ እየጠረጉ። ጨርቁን በትንሹ በካምቢዮ ዘይት ያርጥቡና መጋጠሚያውን ዙሪያውን ይጥረጉ፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋግሙ። ውኃ አይጠቀሙ። ኮምፕረሰር ካለ መነጽር አድርገው ከሩቅና ከጎን ይንፉ፣ አፉ ላይ ቀጥታ አይንፉ።

ደረጃ 3፦ ጠብታ ያስገቡ፣ ይጠብቁ

ስፕሬዩን አይርጩ። መጀመሪያ ክዳኑ ላይ ወይም ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይልቀቁና በሲሪንጅ ይሳቡት፤ ከዚያ መጋጠሚያው ዙሪያ ጠብ ጠብ ያድርጉ። አራት ወይም አምስት ጠብታ ይበቃል። ይህን ያህል ጠብታ በብዙ ሊትር ዘይት ውስጥ ጉዳት የለውም፤ ግማሽ ጣሳ ማፍሰስ ግን ሌላ ነገር ነው።

የብረት ዝገት የማይታይበትና የያዘው ጎማው ብቻ ከሆነ ስፕሬይ እንኳ አያስፈልግዎትም። የካምቢዮውን ዘይት ራሱን ጠብ ያድርጉ፤ ቢገባም ቤቱ ነው፣ ጎማውንም አይጎዳም። በመጀመሪያ ይህን እንዲሞክሩ እመክራለሁ።

20 ደቂቃ ይጠብቁ። እንደገና ሁለት ጠብታ ይጨምሩና ሌላ 20 ደቂቃ። የዛገ ብረት ከሆነ ደግሞ ማታ ጨምረው ጠዋት ይመለሱ። በመጠበቅ የተሰበረ ዲፕስቲክ የለም።

*ካልሠራ፦* ጠብታው ሳይገባ ላዩ ላይ ከቆመ መጋጠሚያው አሁንም በቅርፊት ተደፍኗል። ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ፣ በእንጨት ጥርስ መፋቂያ ጠርዙን ዙሪያውን ይፋቁ። የብረት መርፌ ጎማውን ይቀደዋል።

ደረጃ 4፦ ያዙሩ፣ አይጎትቱ

1. በግራ እጅዎ ቱቦውን ከአፉ ዝቅ ብለው አጥብቀው ይያዙ። ይህ እጅ እስከዚህ ደረጃ መጨረሻ አይለቅም። የእሱ ተግባር ቱቦው እንዳይዞር መከልከል ነው።
2. በቀኝ እጅዎ እጀታውን በጓንት ወይም በላስቲክ ቁራጭ ይያዙ። በጣት ካልያዘ ፒንሳ ይጠቀሙ፤ ፒንሳው የሚይዘው ግን የእጀታውን ሥር፣ ቆቡን ነው፤ የእጀታውን ቀለበት ላይኛ ክፍል አይደለም። በፒንሳውና በእጀታው መካከል ወፍራም ጨርቅ ያስገቡ።
3. በጣም ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዙሩ። የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ ዘንግ በአምስት ደቂቃ የሚሄደውን ያህል ይበቃል፤ ከዚያ አይበልጥም። ዘንጉ ጠፍጣፋ ነው፤ በተጠማዘዘ ቱቦ ውስጥ ሙሉ ዙር ካዞሩት ይጠመዘዛል።
4. ይደጋግሙ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። በመካከል አንድ ጠብታ ዘይት ይጨምሩ።

መላቀቁን በእጅዎ ያውቁታል። መጀመሪያ እጀታው እንደ ጎማ ይለጠጥና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህ ማለት ፕላስቲኩ እየተጠመዘዘ ነው እንጂ ቀለበቷ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ቀጭ የምትል ትንሽ ድምፅ ትሰማለች፣ በመጋጠሚያው ዙሪያ ደግሞ እርጥብ ጥቁር መስመር ይወጣል። ከዚያ በኋላ እጀታው የቆመበት ይቆማል፣ አይመለስም። አሁን ቀለበቷ ለቃለች። ያንን ጥቁር መስመር ወዲያው በጨርቅ ያንሱት፣ ወደ ውስጥ አይግባ።

*ካልሠራ፦* ቆቡ ከአሥር ደቂቃ ትዕግሥት በኋላም ካልተነቃነቀ ኃይል አይጨምሩ። ወደ ደረጃ 5 ይሂዱ።

*እጀታው ላይ ስንጥቅ ካዩ፦* ወዲያው ይቁሙ። ስንጥቁን በቀጭን ሽቦ ዙሪያውን ጠበቅ አድርገው ይጠምጥሙት፣ ከዚያ በኋላ ከቆቡ ሥር ብቻ ይያዙ።

ደረጃ 5፦ ሙቀት፣ ከዚያ እኩል ማንሳት

ስፕሬይ ተጠቅመው ከሆነ መጀመሪያ ሙልጭ አድርገው ይጥረጉ፣ ሽታው እስኪጠፋም ይጠብቁ። የፀጉር ማድረቂያ ውስጡ የጋለ ሽቦ አለ፤ የስፕሬይ ትነት ሊያቀጣጥል ይችላል። ይህን ማስጠንቀቂያ አይለፉት።

ማድረቂያውን ወደ ቱቦው አፍ ብረት ያነጣጥሩ፣ ወደ እጀታው ፕላስቲክ አይደለም። ሁለት ደቂቃ ያህል ያሙቁ። ብረቱ ትንሽ ይሰፋል፣ ጎማው ይለሰልሳል። ከዚያ ወዲያው ደረጃ 4ን ይድገሙ። ሁለት ሦስት ጊዜ እያሞቁ ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አሁንም ከያዘ ሁለቱን ካቻቢቴዎች ከቆቡ ከንፈር ሥር ፊት ለፊት ያስገቡ፣ አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ በእኩል፣ በትንሹ ይጫኑ። በአንድ ወገን ብቻ መፈንቀል ቆቡን ያጋድላል፣ የተጋደለ ቆብ ደግሞ የባሰ ይነክሳል። የፀጉር ያህል ክፍተት ካዩ ካቻቢቴውን ያውጡ፣ ጠብታ ዘይት ያስገቡ፣ መልሰው ያዙሩ፣ እንደገና ያንሱ።

ካቻቢቴ የሚገባበት ቦታ ከሌለ ሲባጎውን በእጀታው ቀለበት ውስጥ ያሳልፉ፣ ጫፎቹን አጭር እንጨት ላይ ይሰሩ፣ እንጨቱን በእጅዎ ይዘው ይሳቡ። የመሳቢያው አቅጣጫ የቱቦው አፍ የሚያይበት ነው፤ ቱቦው ካጋደለ እርስዎም አጋድለው ይሳቡ። ቀስ በቀስ ይጨምሩ እንጂ በድንገት አይንጠቁ። በድንገት የወጣ ዲፕስቲክ የዘይት ጠብታ ዓይን ውስጥ ይረጫል፤ መነጽሩ ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ወጥቶ መንገድ ላይ ከቆመ

ትንሽ ወጥቶ የቆመ ዲፕስቲክ ሊያልቅ የቀረበ ይመስልና ሰው ይቸኩላል። አይቸኩሉ።

1. ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል መልሰው ወደ ውስጥ ይግፉት።
2. በወጣው ዘንግ ላይ የካምቢዮ ዘይት ያንጠባጥቡ፣ ወደ ታች ይፍሰስ።
3. እጀታውን ሩብ ዙር ያዙሩና ይሳቡ። ካልሄደ መልሰው ይግፉ፣ ሌላ ሩብ ዙር፣ ይሳቡ። ቀለበቷ አሁን ስለወጣች ማዞር ይቻላል፤ የታጠፈው ዘንግ ከቱቦው ኩርባ ጋር የሚገጥምበትን አቅጣጫ እየፈለጉ ነው።
4. ባትሪ መብራት ይያዙና ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በዓይንዎ ይከተሉ። የተጨፈለቀ ወይም የታጠፈ ቦታ አለ? ከአደጋ ወይም ከሞተር ማውረድ በኋላ ይህ የተለመደ ነው።

ቱቦው ከተጨፈለቀ በመሳብ አይሆንም። ቱቦውን ከነዲፕስቲኩ ማውጣት ይሻላል፤ አሠራሩ ከዚህ በታች አለ።

እጀታው ከተሰበረ

መጀመሪያ እጅዎን ያንሱ። ቀጥሎ የሚያደርጉት ነገር ጉዳቱን ይወስናል። ሞተሩን አያስነሱ፣ ማርሽ አያንቀሳቅሱ፣ ብረቱን ወደ ታች አይግፉ።

*የብረቱ ጫፍ ከቱቦው አፍ በላይ ከታየ፦* በረጅም አፍንጫ ፒንሳ ይያዙት፣ ከዚያ ደረጃ 4 እና 6 እንዳሉት እያወዛወዙ ያውጡ። ፒንሳው ሲያንሸራትት ጫፉን በትንሹ ያጥፉት፣ መያዣ ይሆናል፤ ወደ ውስጥም አይሰምጥም።

*ከአፉ ዝቅ ብሎ ከቀረ፦* በመጀመሪያ ቀለበቷ የት እንዳለች ይዩ። ቱቦው አፍ ላይ ከቀረች ቁርጥራጯን በቀጭን መንጠቆ ወደ ላይ እየሳቡ ያንሱ፤ ወደ ታች ከተገፋች ካምቢዮ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ተለጣጭ ዘንግ ያለው ማግኔት ያውርዱ። የዲፕስቲኩ ዘንግ ብረት ስለሆነ ማግኔት ይይዘዋል፤ ነገር ግን ማግኔቱ የቱቦውን ግድግዳም ስለሚይዝ መሐል ለመሐል ለማውረድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማግኔቱ ጫፉን ከፍ ሲያደርገው በፒንሳ ይቀበሉት። ብቻዎን ከሆኑ አንድ ሰው ይጥሩ፤ ይህ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው።

*በዚህም ካልወጣ፦* ቱቦውን ከነብረቱ ያውጡ።

1. የቱቦውን ሥር ዙሪያ እንደ ደረጃ 2 ያጽዱ። የሚከፈተው ቀዳዳ በቀጥታ ካምቢዮው ነው።
2. ከሥሩ ዕቃ ያስቀምጡ። ሞተር ሲጠፋ የካምቢዮው ዘይት ከፍ ስለሚል ትንሽ ሊፈስ ይችላል።
3. ቱቦውን የያዘውን ቡሎን ይፍቱ፤ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 12 ቁጥር ነው።
4. ቱቦውን በእጅ እያወዛወዙ ቀጥታ ይሳቡ። ዘንጉ ከታች ተንጠልጥሎ ስለሚወጣ አብሮ መምጣቱን ይዩ።
5. ቀዳዳውን ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ።
6. ብረቱን ከቱቦው ታችኛ አፍ ይግፉ ወይም ይሳቡ። የተጨፈለቀ ቱቦ ይቀየራል እንጂ አይቀናም፤ አዲስ አበባ ላይ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ማግኘት ይቻላል። ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን ይዘው ይሂዱና ርዝመቱንና ኩርባውን ጎን ለጎን ያስተያዩ። ዲፕስቲኩም ከዚያው ቱቦ ጋር የመጣ ይሁን፤ በርዝመት የማይገጥም ዲፕስቲክ የዘይቱን ልክ በስሕተት ያሳያል።
7. ሲመልሱ የታችኛውን ኦሪንግ በአዲስ ይተኩ፣ በካምቢዮ ዘይት ያርሱት፣ ቱቦውን እስከ መቆሚያው ይግፉ፣ ቡሎኑን ያጥብቁ።

*ብረቱ ተቆርጦ ካምቢዮ ውስጥ ከወደቀ፦* ይህን በግምት አይለፉት። ቁርጥራጩ ብዙ ጊዜ ኮፓው ውስጥ ያርፋል፣ በአንዳንድ ካምቢዮዎች ግን ከሚሽከረከር ጥርስ አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። መኪናው በራሱ አይነዳም። የሚጎተት ከሆነ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ተነስተው ወይም በጭነት መኪና ላይ ይሁን፤ ሞተር ሲጠፋ የካምቢዮው ፓምፕ ስለማይሠራ ጎማው መሬት ላይ ሲዞር ካምቢዮው ዘይት ሳያገኝ ይፈጫል። ጋራዥ ላይ ኮፓው ይወርዳል፣ ቁርጥራጩ ይወጣል፣ ጓርኒሲዮኑ (በኮፓውና በካምቢዮው መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቀየራል። እዚያ እያሉ ፊልትሮውንም (የዘይት ማጣሪያውንም) ያስቀይሩ። ከወጣው ቁርጥራጭ ጋር የቀረውን ያጋጥሙና ሙሉ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። "አንድ ቁራጭ ብትቀር ምንም አይደለም" ከተባሉ አይቀበሉ።

ደረጃ 7፦ ከወጣ በኋላ

የቱቦውን አፍ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ። ከዚያ ዲፕስቲኩን ነጭ ጨርቅ ላይ ያሳርፉና ዘይቱን ይዩ። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው ካምቢዮው ውስጥ የመንሸራተት ችግር አለ፣ ባለሙያ ይየው። ወተት የተቀላቀለበት የመሰለ ሮዝ ቀለም ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገባው ራዲያተሩ ውስጥ ካለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ነው፣ ምንጩ እስኪገኝ መኪናውን አይንዱ። ጨርቁን ወደ ፀሐይ ያዙሩት፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት መኖር የለበትም።

ዘንጉን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተው በእጅ ያቅኑት። ጫፉ የተቆረጠ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ቆቡ ላይ ያለውን ዝገት በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ያንሱ፣ ከመኪናው ራቅ ብለው፤ ከዚያ በደንብ ይጥረጉ። የቱቦውን አፍ ውስጥ ግን ብርጭቆ ወረቀት አያስገቡ። ጨርቅ ጣትዎ ላይ ጠምጥመው በካምቢዮ ዘይት አርጥበው እየዞሩ ወደ ውጭ ይጥረጉ።

የጎማ ቀለበቷ በጥፍር ስትጫን ካልሰረጎደች ደርቃለች፣ ይቀይሯት። አዲሷን ወይም ደህናዋን በስሱ ቫዝሊን ይቀቡ። ካምቢዮ የሚገጥሙ ባለሙያዎች ክፍሎችን በቦታቸው ለመያዝ ራሱን ቫዝሊን ይጠቀማሉ፤ ከዘይቱ ጋር ይሟሟል፣ አይጎዳም። የመኪና ጎማ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ግራሶ ግን አይቀቡ።

ደረጃ 8፦ የዘይቱን ልክ ይመልከቱ

ባትሪውን መልሰው ያስሩ። ኮፓው በወረደበት ወይም ዘይቱ ብዙ በፈሰሰበት ጊዜ መጀመሪያ የፈሰሰውን ያህል ሞልተው ነው ሞተር የሚነሳው።

1. ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንዱ፣ ዘይቱ ይሙቅ።
2. ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተሩ ይሥራ።
3. የእግር ፍሬን ረግጠው ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየተራ ያሳልፉ፣ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይቁሙ፣ ወደ ፒ ይመልሱ።
4. ነጠላ፣ ሻሽ ወይም የተንጠለጠለ ማሰሪያ ካለዎት ያውልቁ፤ ቺንጊያው እየዞረ ነው። ዲፕስቲኩን ያውጡ፣ ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው ያስገቡ፣ እንደገና ያውጡና ያንብቡ።
5. በሁለቱም ገጽ ያንብቡ፤ ዝቅ ብሎ የሚታየውን ይውሰዱ። ከቱቦው ግድግዳ የተጠረገ ዘይት አንዱን ገጽ ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ቶዮታ ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ ለሞቀ ዘይት "ሆት" የሚለውን ክልል ይመልከቱ፣ "ኩል" የሚለው ለቀዘቀዘ ነው። ሆንዳ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ወዲያው፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይለካል። ብዙ ሚትሱቢሺዎች የሚለኩት ማርሹ ኤን ላይ ሆኖ ነው። የእርስዎ መኪና የትኛው እንደሆነ መጽሐፉን ይዩ፤ በተሳሳተ መንገድ የተለካ ዘይት ያለ ምክንያት ያስጨምራል።

ከጎደለ በቱቦው በኩል በንጹሕ ቀጭን ፈንጠል ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር እየጨመሩ በየጊዜው ይለኩ። ከልክ ያለፈ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም፤ ማርሹ ይንሸራተታል። ሞልቶ ከፈሰሰብዎ ሳይነዱ በሲሪንጅና በቀጭን ላስቲክ ቱቦ መልሰው ይሳቡ።

እንዳይጣበቅ

በየሞተር ዘይት ቅያሪው ዲፕስቲኩን አንዴ ያውጡ፣ ይጥረጉ፣ ቀለበቷን በቫዝሊን ይንኩና ይመልሱ። ሲመልሱ ቆቡ ቱቦው ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጡን ይዩ፤ ከፍ ብሎ የቀረ ክዳን ውኃና አቧራ ያስገባል። ሞተር ሲታጠብ የቱቦውን አፍ በፌስታል ሸፍነው በላስቲክ ይሰሩ፣ ከታጠበም በኋላ ማንሳቱን አይርሱ።

ቱቦውን አውጥተው ከነበረ መኪናው ማታ በሚያድርበት ቦታ ካምቢዮው ሥር ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ላይ ቀይ ጠብታ ካዩ ኦሪንጉ ተጠማዝዟል ወይም ቱቦው እስከ መቆሚያው አልገባም፤ ቡሎኑን ፈትተው እንደገና ያስቀምጡት። ጠብታ ከሌለ ካርቶኑን ለሁለተኛ ሌሊት ይተዉት፣ ከዚያ ልኩን አንድ ጊዜ ደግመው ይዩ።